ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና ስላልተቈጠረው ሚሞሪ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባላት በወላጆች፥ በመምህራንና በተማሪዎች ፊት ያደረጉት ንግግር)



ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ የሚናገሩ ከኛ የበለጡ ሰዎች ስላሉ፥ እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ለዛሬ የመረጥነው አርእስት በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሥር ስላለው አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁ አንቀየምም። ነገር ግን በዚህ ኮምፒዩተር ምክንያት በአንድ ሰው ላይ ያለ አግባብ ተናግረናል። የተናገርነው በሰው ፊት ስለ ነበረ፥ የምናርመውም በሰው ፊት እንዲሆን ተመካክረን ነው እዚህ የቆምነው።

ኮምፒዩተሩ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ያገለገለ ነው። ሚሞሪው 2 ጊጋባይት ብቻ ስለ ነበረ፥ አንድ ገጽ እስኪከፈት ድረስ ተማሪው ወጥቶ ውሃ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። ቢሆንም ያለ ሥራ የዋለበት ቀን የለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፥ በቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ጓደኛችን እጁን የሚያለማምደው በዚሁ ነው። አይጥ ይዞ የማያውቅ ልጅ በፈተና ቀን ከጥያቄው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዕቃውም ጋር ይታገላልና፥ ይህን ኮምፒዩተር ማፍጠን ለኛ ቀልድ አልነበረም።

ስለዚህ ገንዘብ አዋጣን። ሁለት ወር ያህል ከየኪሳችን ስናጠራቅም ቆይተን፥ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት የሚይዙ ሁለት ራሞች ከአንድ ሱቅ ገዛን። ራም ማለት ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ ነገሩን የሚያኖርበት፥ መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉንም የሚረሳው ሚሞሪ ነው። መጽሐፍና ፎቶግራፍ የሚቀመጥበት ሀርድ ዲስክ ሌላ ስለ ሆነ ሁለቱን እንዳታደባልቁብን እንለምናለን። አሮጌዎቹን ሁለት ራሞች አወጣን፤ አዲሶቹን ተከልን። ሁለት ጊዜ አራት ስምንት ነውና፥ በስክሪኑ ላይ 8192 የሚል ቍጥር ጠበቅን። የወጣው ግን 4096 ነው።

የተጠበቀው ሚሞሪ ሲጎድል የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚቈጥረው ማነው?» የሚል መሆን አለበት። የሚቈጥሩት ሦስት ናቸውና። አንደኛው በራሙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፤ ይህ የሠሪው ወይም የሻጩ ቃል ነው። ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ነው። ባዮስ ሙሉውን ቈጥሮ ዊንዶውስ ከቀነሰ፥ ጉዳዩ የሶፍትዌር ወይም የባዮስ ማስተካከያ ነው፤ ሣጥኑን ደጋግሞ መክፈት አያስፈልግም። ባዮስም ራሱ ካጎደለ ግን ዊንዶውስን ፎርማት ማድረግ ከንቱ ድካም ነው። እኛ ይህን ስላላወቅን መጀመሪያ ያደረግነው ፎርማት ማድረግ ነው! ሙሉ ቅዳሜአችንን በላብን፤ ቍጥሩ ግን ያው 4096 ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ወደ ትክክለኛው መንገድ ገባን። ሲፒዩ እያልን የምንጠራውን ሣጥን ከፈትን። (በእውነቱ ሲፒዩ በሣጥኑ ውስጥ ያለችው አንዲት ቺፕ ናት፤ ነገር ግን ይህን ስም ከገበያ ማስወጣት የሚቻል አይመስለንም።) ሣጥኑን ከመክፈት በፊት ገመዱን ከሶኬቱ ነቅሎ የማብሪያውን ቍልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው። ቀጥሎም የሣጥኑን ብረት መንካት፥ ራሙን በጠርዙ ብቻ መያዝ ይገባል። በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ እኛን ባያስደነግጠንም ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላልና።

የራም እግሮች በወርቅ ቀለም የተለበጡ ናቸው። አቧራና የእጅ ቅባት ሲይዛቸው ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፉም። ለዚህ የታወቀው መድኃኒት ንጹሕና ለስላሳ የእርሳስ ላጲስ ነው፤ በቀስታ ይታሻል፥ ፍርፋሪው በብሩሽ ይወገዳል። በስሎቱ ውስጥ በአፍ እፍ ማለትን ግን ተዉት፤ ከአፍ የሚወጣው እርጥበት ነው። ከመካከላችን አንዱ እፍ ማለት ስለሚወድ ይህን በሁለት ስብሰባ ተከራክረንበታል።

ስናጸዳ ለውጥ ስላልመጣ አንድ አንዱን ለመሞከር ወሰንን። ማንኛውም ሰው ሊያደርገው የሚገባ ፈተና ይህ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አያሳስትም። የመጀመሪያውን ራም ብቻውን በመጀመሪያው ስሎት፥ ቀጥሎ በሁለተኛው፤ ሁለተኛውንም ራም እንደዚሁ። አንዱ ራም በሁለቱም ስሎት ውስጥ እንቢ ካለ የተበላሸው ራሙ ነው። ሁለቱም ራሞች በአንዱ ስሎት ብቻ እንቢ ካሉ ደግሞ ስሎቱ ነው። ከኛ በኋላ በተሠሩት ኮምፒዩተሮች ሚሞሪውን የሚያዘው ክፍል ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለ ገባ፥ ከፕሮሰሰሩ ሥር አንዲት መርፌ ብትጣመም ወይም ማቀዝቀዣው በአንድ ወገን ብቻ ጠብቆ ቢታሰር አንድ ስሎት እንደ ሞተ ሊቈጠር ይችላል። የኛ ከዚያ የቀደመ ስለ ሆነ ይህ አላሰጋንም።

አራቱን ሙከራ ጨረስን። በአራቱም ጊዜ የወጣው ቍጥር 2048 ነው። እያንዳንዱ ራም፥ በየትኛውም ስሎት ቢገባ፥ የተቈጠረው ግማሹ ብቻ ነበረ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው። ስሎቶቹ ደኅና ናቸው፤ እግሮቹም ንጹሕ ናቸው፤ ሁለት ራሞች ደግሞ በአንድ ቀን በእኩል መጠን አይበላሹም። እስከዚህ ድረስ አሳባችን ትክክል ነበረ። ከዚህ ቀጥለን ግን፥ «እንግዲያውስ የ2 ጊጋባይት ራም ላይ 4 የሚል ወረቀት ተለጥፎ ተሸጦልናል» አልን። የክስ ደብዳቤም ጻፍን። ደብዳቤው በጣም ያማረ ነበረ፤ ስማችንንም በተርታ ፈረምንበት።

በማግስቱ ሱቁ ሄድን። ባለሱቁ በዕድሜ የአባቶቻችን እኩያ ናቸው። ሁለት ገበያተኞች ቆመው ዕቃ ይመርጡ ነበር።

«ጋሼ፥ የሸጡልን ራም ግማሽ ነው» አልናቸው።

«በየትኛው ማሽን ነው የሞከራችሁት?» አሉ።

ጥያቄው መልስ ነበረው፤ እኛ ግን ማምለጫ መሰለን። ከመካከላችን አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ገንዘቡ የድኻ ተማሪ መዋጮ እንደ ሆነ፥ ወረቀት ለጥፎ ሰውን ማታለል እንደማይገባ፥ ለሚመለከተውም እንደምናመለክት ተናገረ። የቀረነውም ዝም አላልንም፤ አገዝነው። ገበያተኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ዕቃውን መልሰው አስቀምጠው ወጡ።

ባለሱቁ አልተቈጡም። አንዱን ራም ተቀበሉንና በመደርደሪያው ላይ በነበረው ከኛ በዕድሜ በሚያንስ ኮምፒዩተር ላይ ተከሉት። ስክሪኑ 4096 አለ። ሁለተኛውንም ተከሉት፤ እንደዚሁ 4096። ከዚያም ራሞቹን በእጃችን አስያዙንና፥ «ልጆች፥ በላዩ ላይ ያሉትን ጥቋቍር ቺፖች ቍጠሩ» አሉን። ስምንት ናቸው፤ በአንድ ወገን ብቻ። «ለናንተ ማሽን የሚሆነው ዐሥራ ስድስት ያለው ነው፤ ስምንት በዚህ፥ ስምንት በዚያ።»

ይህን ነገር በኋላ ቁጭ ብለን አጠናነው፤ ከሁሉ የሚያስደስተው ክፍልም ይህ ስለ ሆነ ጥቂት እንድንቆይበት ፍቀዱልን።

የፖስታ ሣጥን የተከራየ ወላጅ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። አንድ ፖስታ ቤት በቅጹ ላይ ለሣጥን ቍጥር ሦስት አኃዝ ብቻ የሚጻፍበት ቦታ ቢኖረው፥ ከ000 እስከ 999 አንድ ሺህ ሣጥን ብቻ መጥራት ይችላል። በግድግዳው ላይ ሁለት ሺህ ሣጥን ቢሠራም የቀረው አንድ ሺህ አይጠራም። ሣጥኖቹ አልተሰረቁም፤ አልተሰበሩም፤ የሚጠሩበት ቍጥር ግን የለም። በኮምፒዩተር ውስጥ አኃዞቹ 0 እና 1 ብቻ ስለ ሆኑ፥ አንድ የአድራሻ ሽቦ ሲጨመር የሚጠራው ሣጥን እጥፍ ይሆናል፤ አንድ ሽቦ ሲጎድል ደግሞ እኩሌታው ይጠፋል።

4 ጊጋባይት የሚይዝ ዲዲአር 3 ራም በሁለት ዐይነት መንገድ ይሠራል። አንዱ እያንዳንዳቸው 2 ጊጋቢት የሚይዙ 16 ቺፖች ያሉት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዳቸው 4 ጊጋቢት የሚይዙ 8 ቺፖች ያሉት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለ ሆነ የሁለቱም ድምር 4 ጊጋባይት ይመጣል። ልዩነቱ በቺፑ ውስጥ ባለው አሠራር ነው። የፊተኛው ቺፕ ረድፎቹን ለመጥራት 15 የአድራሻ ሽቦ ይበቃዋል፤ ይኸውም 32,768 ረድፍ ማለት ነው። የኋለኛው ግን 65,536 ረድፍ ስላለው 16 ሽቦ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 እንደ ወጣው የኢንቴል ጂ 41 ያሉት ቺፕሴቶች የተሠሩት ለፊተኛው ዐይነት ነው፤ በሁለት ስሎት 8 ጊጋባይት ይቀበላሉ፤ ነገር ግን በትንንሾቹ ቺፖች የተሠራውን ነው። የኛም ማዘርቦርድ የዚያው ትውልድ ስለ ሆነ ዐሥራ ስድስተኛውን ሽቦ የሚጠራበት አፍ የለውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ራም እኩሌታውን ብቻ አየ። አንዳንዱ ማዘርቦርድ እንዲህ ያለ ራም ሲሰጠው ጭራሽ አይነሣም፤ ጮኾ ዝም ይላል። የኛ ግማሹን መቀበሉ ደግነት ቢመስልም ያሳሳተን እርሱ ነው። ባይነሣ ኖሮ «አይስማማም» ብለን በተመለስን ነበር።

ባለሱቁ ከአሮጌ ዕቃዎች መካከል ፈልገው 16 ቺፕ ያላቸው ሁለት ራሞች አገኙልንና ለወጡልን። ያገለገለ ዕቃ ዋጋው ያነሰ ነው ብለውም ልዩነቱን መለሱልን። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ «ተዉት፥ ልጆች ናችሁ» አሉን። ዕቃቸውን ትተው የወጡት ሁለት ገበያተኞች ግን ማን እንደ ሆኑ፥ ከየት እንደ መጡም አናውቅም። በዚያ ቀን የሰሙትን ይዘው ሄደዋል። ምናልባት ከናንተ መካከል ይገኙ እንደ ሆነ በማለት ነው ይህን በዝርዝር የተናገርነው፤ ራሞቹ ሙሉ ነበሩ፤ ሰውዬውም ያታለሉን ነገር የለም። ስማቸውን ያልጠራነው እርሳቸው ስላልፈለጉ ነው።

ወደ ኮምፒዩተሩ እንመለስ። በአዲሶቹ ራሞች ባዮስ 8192 ቈጠረ። እልል ልንል ምንም አልቀረንም ነበር። ዊንዶውስ 7 ሲከፈት ግን የተተከለው 8 ጊጋባይት፥ የሚያገለግለው 3.21 ጊጋባይት ነው የሚል ጽሑፍ አሳየን። በዚህ ጊዜ ግን ማንንም አልከሰስንም፤ የሚቈጥረው ማን እንደ ሆነ ጠየቅን። ባዮስ ሙሉውን ስላየ የቀነሰው ዊንዶውስ ነው።

ነገሩ እንደገና የፖስታ ሣጥን ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የነበረው ዊንዶውስ 32 ቢት የሚባለው ዐይነት ነው። ሠላሳ ሁለት አኃዝ የሚጠራው 4,294,967,296 ባይት ነው፤ ይኸውም 4 ጊጋባይት ነው። ከዚህም ውስጥ ለስክሪን ካርድና ለሌሎች መሣሪያዎች የተመደበ ቍጥር ስላለ፥ ለሚሞሪ የሚተርፈው ሦስት ጊጋባይት ከምናምን ብቻ ነው። ፖስታ ቤቱ ላይኞቹን ቍጥሮች ለመሥሪያ ቤቶች አስቀድሞ ሰጥቶአል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የማይታወቅ ነገር እንንገራችሁ፤ ገደቡ የብረቱ ብቻ አይደለም። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ፔንቲየም ፕሮ ጀምሮ 36 የአድራሻ ሽቦ ነበራቸው። ማይክሮሶፍት ግን ለግል ኮምፒዩተር የሚሆነውን 32 ቢት ዊንዶውስ በ4 ጊጋባይት አጠረው፤ ብዙ የመሣሪያ ድራይቨሮች ከዚያ በላይ ያለውን ቍጥር ሲያዩ ይሳሳቱ ነበርና።

ታሪኩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር 20 የአድራሻ ሽቦ ስለ ነበረው 1,048,576 ባይት ብቻ ይጠራ ነበር። ከዚያም ላይኛው 384 ኪሎባይት ለስክሪንና ለመሣሪያዎች ተለይቶ ለፕሮግራሞች 640 ኪሎባይት ተተወ። በ1985 ኢንቴል 80386ን ሲያወጣ 32 ሽቦ ተሰጠው፤ 4 ጊጋባይትም ለዘላለም የሚበቃ መሰለ። አሁን እኛ የቆምነው በዚያ በሁለተኛው አጥር ሥር ነው።

የኛ ፕሮሰሰር ኮር 2 ዱዎ ነው፤ 64 ቢት ይችላል። ስለዚህ ከአጥሩ ለመውጣት የጎደለው 64 ቢት የሆነ ሥርዐት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ድጋፉ ያበቃ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በጥቅምት 2025 አበቃ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንዲህ ያረጀ ፕሮሰሰር አይቀበልም። ስለዚህ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ አድርገን ጫንን። ተማሪዎች ይቸገራሉ የሚል ስጋት ነበረ፤ አልተቸገሩም፤ የተቸገርነው እኛ በመጀመሪያው ሳምንት አማርኛ መጻፊያውን እስክናስተካክል ብቻ ነው።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፤ በቤታችሁ ለሚያጋጥማችሁ ይጠቅማልና በአጭሩ እንንካቸው። ዊንዶውስ 64 ቢት ሆኖም ከ4 ጊጋባይት በታች ቢያሳይ፥ በባዮስ ውስጥ ሚሞሪ ሪማፕ የሚለው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ይከፈት። ሰው ሳያውቅ በዊንዶውስ የቡት ማስተካከያ ውስጥ ከፍተኛ ሚሞሪ የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ቍጥር ወስኖበት ይገኛል፤ ምልክቱ ይነሣ። ዊንዶውስ 7 ስታርተር ከ2 ጊጋባይት፥ ሆም ቤዚክ 64 ቢት ደግሞ ከ8 ጊጋባይት አያልፍም። ራሙ ሙሉ ተቈጥሮ ኮምፒዩተሩ በየጊዜው ከጠፋ፥ ሚምቴስት 86 ፕላስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ነው። ከሁሉ በፊት ግን፥ ከመግዛታችሁ በፊት፥ የማዘርቦርዱን መመሪያ ከፍታችሁ ስንት እንደሚቀበልና በምን ዐይነት ራም እንደሚቀበል አንብቡ። እኛ ስንቱን አንብበን ዐይነቱን ዘለልነው።

ዛሬ ኮምፒዩተሩ ከ8 ጊጋባይት 7.6 ያሳያል። የቀረውን የወሰደው ከማዘርቦርዱ ጋር የተሠራው የስክሪን ክፍልና ሥርዐቱ ራሱ ነው፤ ይህን መልሶ ማግኘት አይቻልም፥ አያስፈልግምም። ገጹ ሲከፈት ውሃ ለመጠጣት የሚያስወጣ ጊዜ የለም፤ ወረፋው ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ረዘመ።

የክስ ደብዳቤውን አልቀደድነውም። ከአሮጌዎቹ ሁለት ባለ 1 ጊጋባይት ራሞች ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አድርገን በክበቡ ሣጥን አስቀምጠነዋል። ራሞቹን የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች መትከልና መንቀል ይለማመዱባቸዋል። ኮምፒዩተሩ ዛሬ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተነሥቶ ይቆያል፤ ቺፖቹን ለመቍጠር የምትፈልጉ ወላጆች ብትመጡ ደስ ይለናል። በቤታችሁ አሮጌ ኮምፒዩተር ኖሮአችሁ ሚሞሪው የጎደለባችሁም ራሙን በወረቀት ጠቅልላችሁ ብታመጡልን አብረን እናየዋለን፤ ነገር ግን የማዘርቦርዱን ስም በወረቀቱ ላይ ጽፋችሁ አምጡ።